ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፤ ስለ ቅርጹና ስለ ሥዕሉ

በቤጌምድር ደጋ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ገብቶ እስከ ቅድስት የዘለቀ ሰው፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ የተቀመጠውን ሰማዕት ሳያይ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሥዕሉ እንዲህ ሲበዛ፣ ከድንጋይ ወይም ከነሐስ ተሠርቶ ብቻውን የቆመ የሰማዕቱ ምስል በጥንት አድባራታችን ልማድ ሆኖ አይገኝም። በሌላው ዓለም ግን እንዲህ አይደለም። በፕራግ ከተማ በ1373 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከነሐስ ፈስሶ ከነፈረሱ ቆሟል፤ በስቶክሆልም በ1489 በርንት ኖትኬ የሚባል ጠራቢ ታላቅ አድርጎ ከእንጨት አቁሞታል። በፊሬንዜም ዶናቴሎ በ1417 ገደማ ሰማዕቱን ከዕብነ በረድ እግረኛ አድርጎ ከቀረጸው በኋላ፣ ዘንዶውን የወጋበትን ታሪክ ከእግሩ በታች ባለው ድንጋይ ላይ ስስ አድርጎ ጨምሮበታል።

አባቶቻችን ይህን ያላደረጉት ጥበብ ቢያጥራቸው ነው የሚል ቢኖር ወደ ላስታ ይመልከት። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት በመስቀል አምሳል ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ ወጥቷል፤ ሰማዕቱ በፈረሱ መጥቶ ንጉሥ ላሊበላን ስለ ቤቱ እንደ ጠየቀው ይተረካል፤ የፈረሱ ኮቴ ፈለግም ይኸው ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይታያል። በቤተ ማርያም በምዕራቡ ደጀ ሰላም ላይ ፈረሰኞች ከዘንዶ ጋራ ሲዋጉ ጎልተው ተቀርጸዋል። በቤተ ጎልጎታም ቁመታቸው ከሰው ቁመት የሚቀራረብ ቅዱሳን በግድግዳው ይታያሉ። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ከአለቱ አልተለዩም፤ ጀርባቸው ከቤቱ ጋራ አንድ ነው።

ለደብረ ታቦር ሰው ደግሞ ላስታ ድረስ መሄድ አያሻውም፤ ጋፋት ቅርብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዚያ አስፈስሰዋል። ምንም እንኳ ሠራተኞቹ ከአውሮጳ የመጡ ቢሆኑ፣ እቶኑም ነሐሱም በዚሁ ነበሩ። ከዚያ እቶን መድፍ ወጣ እንጂ የሰማዕት ምስል አልወጣም። ኦሪት በተቀረጸ ምስል ላይ የተናገረችውን የሚያስብ ሕዝብ፣ በዙሪያው የሚዞሩትን ምስል አይፈልግም፤ ከግድግዳ፣ ከመስቀል፣ ከመጽሐፍ ገጽ ያልተለየውን ግን ይሳለመዋል።

ስለ ዘንዶው አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የሰማዕቱ ጥንታዊ ዜና የሚናገረው ሰባ ነገሥታት በዱድያኖስ ዘንድ እንደ ተሰበሰቡ፣ ሰባት ዓመት መከራ እንደ ተቀበለ፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ እንደ ተነሣ ነው። ዘንዶ ገዳይ ሆኖ አስቀድሞ የተሣለው ቅዱስ ቴዎድሮስ ነበር፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ይህ ሥዕል በቀጰዶቅያና በጆርጂያ አገር የታየው በ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ይህን የሰማ ምእመን አይደንግጥ። በጽርእ በተጻፈው በጥንቱ ዜና ከሓዲው ንጉሥ ራሱ ዘንዶ ተብሎ ተጠርቷልና። የቅኔ ተማሪ እንደሚያውቀው ዘንዶው ሰም ነው፤ ወርቁ ዱድያኖስ፣ ከዱድያኖስም በስተኋላ ዲያብሎስ ነው። ሠዓሊው ሰሙን በቀለም ሠራው፤ ወርቁን ለተመልካቹ ተወለት።

ላቲኖች ታሪኩን ስሌኔ በምትባል በሊቢያ ከተማ ሆነ ይላሉ። የእኛ ሠዓልያን ግን የዳነችውን ልጅ ብሩታዊት ይሏታል፤ የቤሩት ልጅ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዛፍ ላይ ተጠግታ ትታያለች። ፈረሰኛውን ደግሞ የአገራቸውን ሰው አስመስለውታል። እግሩ ባዶ ነው፤ በእርካቡ ያገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው፤ የቤጌምድር ፈረሰኛም የሚጋልበው እንዲሁ ነበር። ዶናቴሎ ያላየውን ይህን አውራ ጣት አይቶ ፈገግ የማይል የለም፤ ግን ሥዕሉን የራስ የሚያደርገው እርሱ ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ሰማዕቱ ከእመቤታችን አጠገብ መቆሙ የጸና ሆነ። እርሷ ከሮማ በመጣው ሥዕል አምሳል ልጇን ታቅፋ፣ እርሱም እንደ ባለሟሏ በጎኗ በፈረሱ ሆኖ፣ በተጣጣፊው የእንጨት ሥዕልም ሆነ በነሐሱ መስቀል ላይ በመርፌ ተቀርጸው ይገኛሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ ሠዓልያን ሌላ ነገር አደረጉ። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሰማዕቱ ዕለት ነበርና፣ ታቦቱም ዘምቶ ነበርና፣ ፈረሰኛውን ከሰልፉ በላይ በሰማይ ሣሉት። ዘንዶው በዚያ የለም፤ ጦሩ ወደ ጠላት ሰልፍ ተመልሷል።

ሥዕሉ ከቤቱ አለመለየቱ ግን ጉዳትም አለው። ሠዓልያን ብዙ ጊዜ የሚሥሉት በጥጥ ሸማ ላይ ነው፤ ሸማውም በግድግዳው ይለጠፋል። ስለዚህ ሊላጥ ይቻላል። በ1932 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ጉባኤ ጎንደር በገባ ጊዜ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሩ የተባለው ሠዓሊ ግልባጭ ሠራ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ናቸው። ያን ጊዜ ይህን ያደረገ እንግዳ ነበር። አሁን ግን ደብር በኢዮቤልዩ ቤቱን ሲያድስ፣ ጭቃው በሲሚንቶ ሲለወጥ፣ ያረጀውን ሸማ ልጦ በማተሚያ የወጣ የውጭ አገር ሥዕል የሚሰቅልበት እጅ የራሱ ነው። ከግድግዳው ሥራ በፊት ሸማውን በጥንቃቄ አውርዶ፣ ከአይጥና ከእርጥበት በራቀ ዕቃ ቤት አስቀምጦ፣ በየትኛው ማዕዘን እንደ ነበረ በመዝገብ መጻፍ የአስተዳዳሪውና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰሜኑ ግድግዳ የተሣሉት ፈረሰኞች ወደዚያው ይመለሱ ዘንድ።