ባተን

ሸራ ጀልባ ላይ አንዱ ሌላውን «የጂቡን ባተን አጥብቀው» ሲለው የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያ የሌሊት አውሬ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ጂብ ከምሰሶው ፊት የሚወጠረው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነው፤ ባተን ደግሞ ሸራው ላይ በተሰፋ ጠባብ ኪስ የሚገባ ቀጭን ተለማጭ ዘንግ፣ ዛሬ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የፋይበርግላስ።

ሆቢ 16ን እንውሰድ፤ የካሊፎርኒያው የሰርፊንግ ሰሌዳ ሠሪ ሆቢ አልተር ያወጣት፣ 5 ሜትር ገደማ የምትረዝም ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ናት። ዘንጉ ሲገባ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ፊት ይሆናል፤ የኋላው ጫፍ በገመድ ይታሰራል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህች ቋጠሮ ላይ ነው። ገመዱ ሲጠብቅ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ሸራውም ሆዱን ይነፋል። ሲላላ ሸራው ይዘረጋል፤ ከልክ በላይ ከላላ ኪሱ ላይ ሽብሽብ ይታያል። እኔ ሽብሽቡ እንደጠፋ ይበቃል ባይ ነኝ። አጥብቆ ማሰር ብዙዎችን ያታልላል፤ ሸራው ያምራላ! ነፋሱ በደከመ ቀን ግን ጀልባዋ አቅጣጫ ስትቀይር ጉብጠቱ ወደ ሌላው ጎን አልገለበጥም ይላል። ያኔ ወይ ቋጠሮውን ላላ ማድረግ ነው፣ ወይ ለስለስ ያለ ዘንግ መለወጥ።