«ቶሎ ደራሽ» እና የዕድገት ጊዜ ሽግሽግ፦ ስለ አንድ የሥነ ሕይወት ቃል ታሪክና አሰያየም

አንድ የሳይንስ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲገባ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው «አቻው ማን ነው?» የሚለው ሳይሆን «ቃሉ ምኑን ከምኑ ይለያል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሄተሮክሮኒ የተባለውን የሥነ ሕይወት ቃል በዚሁ ጥያቄ እንመረምረዋለን። የምንመዝንበት ሰብል ማሽላ፣ ቦታውም በድሬዳዋ ገጠር የሚገኘው ቢዮ አዋሌ ነው።

ቃሉ «ሌላ» እና «ጊዜ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገነባ ሲሆን፣ የፈጠረውም እ.ኤ.አ. በ1875 ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ነው። ሄክል እያንዳንዱ እንስሳ በፅንስነቱ የዘሩን ታሪክ በቅደም ተከተል ይደግማል ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ በዚህ ስም የጠራው ከተራው ያፈነገጠውን፣ ይኸውም አንድ የሰውነት ክፍል ከወረፋው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የታየበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲወለድ የእንከን ስም ነበር። እንግሊዛዊው ጋቪን ደ ቢር ከ1930 ጀምሮ ይህን አስተሳሰብ ተቃወመ፤ የጊዜ መዛነፍ ዐዲስ ቅርጽ የሚገኝበት መንገድ እንጂ ከሕግ ማፈንገጥ እንዳልሆነ አስረዳ። ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን እንደገና አነሣ፤ በ1979 ደግሞ ፔሬ አልበርች ከእርሱና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሚለወጡት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን አመለከተ፤ እነርሱም የዕድገት መነሻ፣ የዕድገት ማብቂያና የዕድገት ፍጥነት ናቸው።

ሐሳቡ በእንስሳት ጥናት ቢወለድም በዕፅዋት ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ተክል ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረበ ያድጋል፤ የአገዳው ጫፍ ወደ አበባነት የዞረ ዕለት ግን ዐዲስ ቅጠል መሥራቱን ያቆማል። እንግዲህ ይህች ዕለት ብትቀድም ተክሉ ጥቂት ቅጠልና አጭር አገዳ፣ ብትዘገይ ብዙ ቅጠልና ረዥም አገዳ ይኖረዋል። የጊዜው ለውጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ከተላለፈ የዘሩ መልክ ተለወጠ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ድርቅ ምክንያት የዘገየ ተክል ግን በዚህ ስም አይጠራም፤ መዘግየቱ አይወረስምና።

ቢዮ የሚለው ቃል በሶማልኛ ውሃ፣ በኦሮምኛ አፈር ማለት ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በአካባቢው ይነገራሉ። በዚያ አገር ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ ነው፤ ረዥሙ የአገሬው ማሽላ እስከ ኅዳር ድረስ መሬት ላይ ይቆያል። ገበሬው ከእርሱ የሚያገኘው ፍሬውን ብቻ አይደለም፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ይውላል። በልጉ ሲጓደል ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ይዞራል፤ ያን ጊዜ እህሉ ከድርቅ ይተርፍለታል፣ አገዳው ግን ያንስበታል። የአበባዋ ዕለት መቅደም የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ይህችን ዕለት ከሚወስኑት አንዱ የቀን ርዝመት ነው። በድሬዳዋ የዓመቱ ረዥሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የሐሩር አገር ማሽሎች ግን የበጋው ቀን ከ14 ሰዓት ወደሚበልጥበት ወደ ቴክሳስ ሲወሰዱ ቅጠል ብቻ እያወጡ ይቆማሉ። ኩዊንቢና ካርፐር በ1945 የማበቢያ ጊዜን የሚወስኑ ሦስት የዘር ቅንጣቶችን ገለጹ፤ የዋናው ቅንጣት ምንነት በ2011 ታወቀ። ሥራውም ቀኑ ረዥም ሲሆን ማበብን ማገድ ነው፤ ሲበላሽ ተክሉ ቀድሞ ያብባል።

ሌላው ምሳሌ የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ቢ35 የተባለው በዓለም የታወቀ የማሽላ ዘር የመጣው ከአንድ የኢትዮጵያ ዱራ ማሽላ ሲሆን፣ ጠባዩም ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ድርቅ ቢመጣ እንኳ ቅጠሉ ቶሎ አለመድረቁ ነው። የሚዘገየው የቅጠሉ እርጅና እንጂ የፍሬው መድረስ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ለቆላ ገበሬዎች የተዘጋጀ አንድ የምክር ጽሑፍ ስንተረጉም ይህን ጠባይ «ዘግይቶ የሚደርስ» ብለን ጽፈን ነበር። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አንድ የሰብል ባለሙያ ስሕተቱን ባያሳየን ኖሮ፣ እንደ ቢዮ አዋሌ ባለ ዝናብ አጠር አገር ያለው አንባቢ ለድርቅ የተመረጠውን ዘር ለድርቅ አይሆንም ብሎ በተወው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ምክንያቱም «ደረሰ» የሚለው ግሥ ስለ ሰብሉ በሙሉ ሲናገር፣ ሳይንሱ ግን ስለ አንድ ክፍል ብቻ ይናገራል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ዝግመተ ለውጥ» በሚለው ስያሜ ውስጥ አለ። ስያሜው ከ«ዘገመ» ስለ ወጣ ቀስታን በውስጡ ይዟል። በዚህ ላይ «መዘግየት» ሲደረብበት አንባቢው የዘሩን ታሪክ ቀስታ ከአንዱ ተክል ዕድገት መዘግየት ጋር ያምታታል። ስለዚህ የምንመርጠው ስም መቅደምንም መዘግየትንም አስቀድሞ የማይፈርድ መሆን አለበት።

በእኛ አስተያየት «የዕድገት ጊዜ ሽግሽግ» ይህን ያሟላል። በሥሩም «የመነሻ ሽግሽግ»፣ «የማብቂያ ሽግሽግ» እና «የፍጥነት ሽግሽግ» ይመደባሉ። ቃሉ የካቢኔ ሹም ሽር ያሸታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በአንድ አግዳሚ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች «ተሸጋሸጉ» ስንል ማንም አይነሣም፣ ዐዲስ መቀመጫም አይመጣም፤ የሚለወጠው የአንዱ ስፍራ ከሌላው አንጻር ነው። በተክልም አካል የሚሆነው ይኸው ነው።

ከስያሜው ጋር አንድ ደንብ ቢጸና እንወዳለን፦ ተርጓሚ «ቀደመ» ወይም «ዘገየ» ብሎ ሲጽፍ ምኑ እንደ ሆነ ይጥቀስ። «አበባው የሚቀድም»፣ «ቅጠሉ ቆይቶ የሚደርቅ»፣ «ፍሬው ፈጥኖ የሚሞላ» የሚሉት አገላለጾች ከአንድ ቃል ይረዝማሉ፤ ይሁን እንጂ ዘር መርጦ ለሚዘራው ሰው የሚጠቅመው አጭሩ ሳይሆን የተለየው ነው።