የመምህር ሁዋንግ ኪ እና የሙ ዱክ ክዋን ቤት ዜና

በእግዚአብሔር አጋዥነት ሙ ዱክ ክዋን የተባለውን የፍልሚያ ጥበብ ቤት ያቆሙትን የታላቁን መምህር የሁዋንግ ኪን ዜና እንጽፋለን። የዘመኑ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን ነው።

መምህሩ በ1914 ዓ.ም. በኮርያ፣ በጃንግዳን ተወለዱ። አገሪቱ ያን ጊዜ በጃፓን እጅ ነበረች። ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ በሰባት ዓመታቸው በበዓል ቀን አንድ ሰው የከበቡትን ጠበኞች በእርግጫ ሲበትን አዩ። ቤቱ ድረስ ሄደው አስተምረኝ ቢሉት፣ ገና ልጅ ነህ ብሎ መለሳቸው። እርሳቸው ግን ከሩቅ እያዩ ያዩትን ሁሉ ለብቻቸው ይደግሙት ነበር። እግዚአብሔር ለአንድ ሥራ የመረጠውን በር ቢዘጋበትም መስኮት አይነሣውም።

ጎልምሰው በማንቹሪያ ለባቡር ሥራ ሲገቡ ከቻይናዊው መምህር ከያንግ ኩክ ጂን ተማሩ። ስለ ኦኪናዋ ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትንም ተመለከቱ።

ኮርያ ነጻ በወጣችበት በ1945 ዓ.ም.፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ በሴኡል ሙ ዱክ ክዋንን ከፈቱ። መጀመሪያ ደቀ መዝሙሩ ጥቂት ነበረ። ጥበቡን ሕዝቡ በለመደው ስም ታንግ ሱ ዶ ቢሉት ግን ሰው ጎረፈ፤ በየባቡር ጣቢያውም የመለማመጃ ስፍራ ተከፈተ።

በዚያው ወራት ሌሎች ቤቶችም ነበሩ። ዪ ዎን ኩክ ቹንግ ዶ ክዋንን፣ ሮ ብዮንግ ጂክ ሶንግ ሙ ክዋንን በ1944 ዓ.ም. ጀመሩ፤ ቾን ሳንግ ሶፕና ዩን ብዮንግ ኢን በ1946 ዓ.ም. ተከተሉ። እነዚህ አራቱ በጃፓን የተማሩ ናቸው።

በ1950 ዓ.ም. ጦርነት መጣ። ቾንና ዩን በዚያ እሳት ጠፉ፤ ወደ ቤታቸውም አልተመለሱም። የእኛ የኢትዮጵያውያን ቃኘው ሻለቃም በ1951 ዓ.ም. በዚያች ምድር ደሙን አፈሰሰ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ1957ቱ ነገር ነው። መምህሩ በሴኡል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሙዬ ዶቦ ቶንግጂ የተባለውን መጽሐፍ አገኙ። በንጉሥ ጆንግጆ ትእዛዝ በ1790 ዓ.ም. በቻይና ፊደል የተጻፈ፣ 24 የጦር ስልት በሥዕል የሚያሳይ ነው። ጦርና ሰይፍ የያዙትን ሥዕሎች አልፈው የባዶ እጁን ምዕራፍ ገለጡ፤ ሰውየው እንዴት እንደ ቆመ፣ እጁ ወዴት እንደ ዞረ እያጠኑ፣ አቋሙን ከወረቀት ወደ ሥጋ መለሱት። ኋላም ዩክ ሮ የተባሉትን ስድስት የልምምድ ሥርዓቶች ከዚያ አወጡ። ነጋሪ ያጣ ጥበብ ብዙ ዘመን ተኝቶ ነበር፤ ባለቤቱን እስኪያገኝ ጠበቀ። በ1960 ዓ.ም. ቤቱ ሱ ባክ ዶ በሚለው በጥንቱ ስም ተመዘገበ።

ከዚህ በኋላ ቤቶች ሁሉ በአንድ ማኅበር፣ በቴኳንዶ ስም እንዲገቡ መንግሥት ግድ አለ። መምህሩ እንቢ አሉ። በሕግ ተሟገቱ፤ በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ኃያል በበዛበት ዘመን ብቻውን ቆሞ በሕግ የረታ ምን ያህል ሰው ነው? ከፍርዱ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. ወደዚያ ማኅበር ለመግባት ከቤቱ የወጡ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ለሁሉም እንደ ልቡ ይስጠው።

ቴኳንዶ በ2000 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ሆነ፤ ክብሩ ታላቅ ነው፤ አንክድም። መምህራችን ግን በ2002 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤታቸውን በራሱ ስም ለልጃቸው አስረከቡ። ብዙ ሰው መሰብሰብ የጉልበት ሥራ ነው፤ የተቀበሉትን ሳይሸጡ ማስረከብ ግን የእምነት ሥራ ነው።