የጓሮ ዶሮና የመጠጥ ውሃዋ

የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የዶሮ እርባታዎች ከገባ ወዲህ የእንቁላል ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ፣ በማርች 2025 አንድ ደርዘን በአማካይ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ዋጋው በኋላ ቢረጋጋም በዚያ ሰሞን በየጓሮው የተሠራው የዶሮ ቤት አልፈረሰም። ከወገኖቻችንም መካከል አራትና አምስት ዶሮ ይዘው የራሳቸውን እንቁላል የሚለቅሙ አሉ። ስለ መኖው፣ ስለ ዝርያው፣ ስለ ቤቱ አሠራር ብዙ ይጠያየቃሉ። ስለ ውሃ ዕቃው ግን የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም፤ ጎድጓዳ ነገር እስከ ሆነ ድረስ ምን ልዩነት አለው ይባላል። ይህ ጽሑፍ ልዩነት አለው ባይ ነው።

አገር ቤት ዶሮ ውሃዋን ራሷ ፈልጋ ታገኛለች። ጓሮ ለጓሮ ዞራ ከዕቃ እጣቢውም፣ ዝናብ ካቆረውም ትጠጣለች፤ ሰው የሚያስቀምጥላት ካለም ገል ወይም ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አየር ውሃው እንደ ሻይ አይሞቅም፣ ደንጊያ ሆኖም አያድርም። እዚህ ያለችው ዶሮ ግን እስረኛ ናት። በሽቦ ታጥራ ትውላለች፤ ባለቤቷም ሁለት ሥራ ይዞ ጠዋት የወጣ ማታ ነው የሚመለስ። ስለዚህ የውሃ ዕቃ መመረጥ ያለበት በደህናው ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ልክ ነው፤ ማለትም በጁላይ ቀትር ላስ ቬጋስ ላይ ወይም በጃንዋሪ ንጋት ሚኒያፖሊስ ላይ፣ ባለቤቱ ቤት በሌለበት ሰዓት ዶሮዎቹ ንጹሕ ውሃ ያገኛሉ ወይ ተብሎ ነው።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነፋሻ በሆነ ቀን ከሩብ ሊትር ያላነሰ ውሃ ትጠጣለች፤ በጥቅሉ ለምትበላው እያንዳንዱ ግራም መኖ ሁለት ግራም ያህል ውሃ ትፈልጋለች ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሙቀት ሲመጣ ይህ እጥፍ ይሆናል፣ ከእጥፍም ያልፋል። ምክንያቱም ዶሮ ላብ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አፏን ከፍታ እያለከለከች፣ ከሳንባዋ በሚወጣው እርጥበት ነው የምትቀዘቅዘው። በሌላ በኩል ከቅርፊቱ በታች ካለው እንቁላል ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ሙሉ ቀን ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላሏን ታቋርጣለች፤ ጥሙ ከረዘመ ላባዋን ማርገፍ ትጀምርና ወደ መጣሉ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባታል። በብርቱ ሙቀት ከሆነ ደግሞ ነገሩ የእንቁላል ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ስድስት ዶሮ ላለው ሰው እንግዲህ የቀኑ ፍጆታ በደህና ጊዜ ሁለት ሊትር፣ በሙቀት ጊዜ አራት ሊትር ያህል ነው። ሁለት ጋሎን (ሰባት ሊትር ተኩል ያህል) የሚይዝ ዕቃ በቂው ነው። ብዙ ሰው የአምስት ጋሎኑን ይገዛል፤ አንዴ ሞልቼ ሳምንቱን እገላገላለሁ ብሎ። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጠባ አይደለም። ከአናት እስከ ሥር ሳምንት ሙሉ የተኛ ውሃ ይሻግታል፤ ሙሉውም ከ19 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ለመጠብ የሚያነሣው ሰው ይጠፋል። ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። ዶሮዎች በመካከላቸው ጌታና ሎሌ አላቸው፤ አለቃዋ አንዱን ዕቃ ይዛ ብትከለክል እንኳ ደካማዋ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ብዙ መልክ ቢኖረውም ወደ ሦስት ዓይነት ይጠቃለላል።

አንደኛው ክፍት ሳህን ነው። ዶሮዋ እንደ ልቧ ትጠጣበታለች፣ ለማጠብም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ክፋቱ ትገባበታለች፣ ሰጋቱራ ትጭርበታለች፣ ኩሷን ትጥልበታለች፣ ቀላል ከሆነም ትገለብጠዋለች። ለብቻው ሲሆን ለሥራ ሰው አይሆንም፤ ለመጠባበቂያ ግን እያንዳንዱ ዶሮ ያለው ሰው አንድ ከባድ ሳህን ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው በየመኖ መደብሩ የሚታየው፣ ጋን መሰል ዕቃ በሰፊ ሳህን ላይ ተገልብጦ የሚቀመጥበት ነው። አሠራሩን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ የሚበላሸው ሁሉ ከዚያ የሚመነጭ ነውና። በጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል፤ ሳህኑ ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ግን ይይዘዋል። ዶሮዋ ጠጥታ የሳህኑ ውሃ ሲጎድል በጋኑ ከንፈር ያለችው ቀዳዳ ትገለጣለች፣ አየር ጉልቅ ጉልቅ እያለ ይገባል፣ በምትኩ ውሃ ይወርዳል፣ ቀዳዳዋ ስትሸፈን ይቆማል። እንግዲህ ጋኑ ከላይ ከተሰነጠቀ ወይም የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ አየር በዚያ ይገባና ውሃው በሙሉ ይፈስሳል፤ ጠዋት የሚገኘው ባዶ ጋንና የራሰ ወለል ነው። ያዘነበለ ቦታ ላይ ቢቀመጥም በዝቅተኛው ወገን ይፈስሳል፤ ስለዚህ ሥሩ የተስተካከለ ሸክላ ጡብ ይፈልጋል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ሦስተኛው ነው፦ ግማሽ የጎደለ ጋን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ የታሰረው አየር ሰፍቶ ውሃውን እየገፋ ያስወጣዋል። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ያፈስሳል ተብሎ ይጣላል። ወደ ጥላ ማዛወር ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ኒፕል የሚባለው ነው፤ ዶሮዋ በማንቁሯ ስትነካው የሚያንጠባጥብ ትንሽ የብረት ጫፍ። ከባልዲ ሥር የሚንጠለጠል አለ፤ ከባልዲ ጎን የሚገጠምም አለ። ለጓሮ የጎኑ ይሻላል፤ ጠብታው ያነሰ ነው፣ ባልዲውም መሬት ላይ ባለ ጡብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ኩስም ሰጋቱራም አይገባበትም፤ በንጽሕና በኩል ከሁሉም ይበልጣል። እጁን መፍታት የሚወድ ሰው ራሱ ሊሠራው ይችላል፦ ምግብ የያዘ የነበረ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ባልዲ፣ መሰርሰሪያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኒፕል። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ መተው ግን ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ጥቂት ከወረደ በኋላ ውሃው ይቆማል። የቀለም ወይም የሳሙና ባልዲ አይሆንም። የበርበሬ ባልዲ ይሆናል ወይ ለሚል ሰው፣ በደንብ ከታጠበ ምንም አይደለም፤ ወፎች የሚጥሚጣን ማቃጠል የሚሰማ አፍ አልተሰጣቸውም።

ይሁንና ኒፕል አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ክፍት ሳህን ሲደርቅ ከሩቅ ይታያል፤ ኒፕል ሲደፈን ግን ባልዲው ሙሉ ሆኖ ዶሮዎቹ በጥም ይቃጠላሉ። እንደ ላስ ቬጋስ ያለ ማዕድን የበዛበት ውሃ ባለው ከተማ ነጭ የኖራ ቅርፊት እየተጋገረ ይደፍነዋል። ስለዚህ ለአራት ዶሮ አንድ ኒፕል ይበቃል ቢባልም ከሁለት በታች አይገጠምም፤ ባለቤቱም በየጠዋቱ እያንዳንዱን በጣቱ ገፋ አድርጎ ማየት አለበት። ለአዲስ ዶሮ ሲያስለምዱም የቀድሞውን ዕቃ በአንድ ጊዜ አያንሡ። ቤት በሚውሉበት ቀን ነክተው ያሳዩዋቸው፤ አንዷ ከጠጣች ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ሁሉም ሲጠጡ በዓይን ሳይታዩ ግን ሳህኑ መነሣት የለበትም።

ዶሮ እንደ እርግብ ውሃ መምጠጥ አትችልም። በማንቁሯ ትጨልፍና ቁልቁል እንዲወርድላት ራሷን ወደ ላይ ታነሣለች፤ በልጅነታችን ፈጣሪዋን ታመሰግናለች የምንባለው ይህንኑ ነው። ከማንቁሯ የሚንጠባጠበው በዙሪያው ያለውን ያርሳል፣ የለመጠችው መኖም ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት የዕቃው ከንፈር በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ልክ መሆን አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ ቆሻሻ ይገባል፣ ከዚያ ከፍ ካለ ትንሿ አትደርስም። መኖው ካለበትም አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ይበል፤ ከቆጡ ሥር ደግሞ ፈጽሞ አይቀመጥ፣ ኩሱ የሚወርደው እዚያ ነው።

የራሰ ወለል ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣውና በተለይ ጫጩትና ቄብ የሚፈጀው በሽታ ከኩስ ጋር ይወጣና ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለሌላዋ ዶሮ የሚተላለፍ ይሆናል። በረኪና አይገድለውም፤ የሚጎዳው መድረቅ ነው። የሚያፈስስ ዕቃ ይዞ መድኃኒት ከመግዛት ጎሚኒውን መለወጥ ይረክሳል። ሌላው የዱር ወፍ ነው። የወፍ ጉንፋን በዳክዬና በመሰሎቿ ኩስ ይተላለፋልና ውሃው ከላይ በተከደነ፣ በሽቦ በታጠረ ቦታ ይሁን፤ ከኩሬ የተቀዳ ውሃም አይሰጥ።

እጥበቱን በተመለከተ፦ ክፍቱና ግልብጡ በየቀኑ ውሃው ተደፍቶ ይታጠባል። በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ነገር ካለ ገና አልታጠበም። በሳምንት አንድ ጊዜ በመጀመሪያ በብሩሽና በሳሙና ተፈትጎ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይበትና በደንብ ይለቅለቅ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ከንቱ ነው። በረኪናና ኮምጣጤ በአንድ ላይ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እጥበቱም ውጭ በጓሮ ቧንቧ እንጂ በወጥ ቤት ገንዳ አይደረግ፤ ደህና የምትመስል ዶሮ ሳልሞኔላ ተሸክማ ሊሆን ይችላልና፣ ልጆችም ዕቃውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ የዕቃው ዓይነት ነው፤ ፕላስቲክ ወይስ ቆርቆሮ? ቆርቆሮው ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው የፖም ኮምጣጤ ሲገባበት ዚንኩን እያሟሟ ወደ ውሃው ይጨምራል፣ ዚንክ ደግሞ ሲበዛ መርዝ ነው። ፕላስቲኩ በውርጭና በፀሐይ ይሰነጠቃል። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጩ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ ጥቁር ወይም ሌላ ብርሃን የማያሳልፍ ይመረጣል፣ በሙቀት አገር ግን ጥላ ውስጥ ካልሆነ ጥቁሩ ውሃውን ያፈላዋል። ኮምጣጤውን በተመለከተ፣ የታጠበ ዕቃ ኮምጣጤ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

በሙቀት ቀን ኒፕል ብቻውን አይታመንም፤ የምታለከልክ ዶሮ በጠብታ አትረካም። ከኒፕሉ ጎን ክፍት ሳህን በጥላ ሥር ይጨመር፣ ውሃ ሞልቶ በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስም ጠዋት ሲወጡ ውስጡ ይጣል። ዶሮ የሞቀ ውሃ አትወድም፤ ሙሉ ዕቃ አጠገብ ቆማ ልትጠማ ትችላለች። እግሯን የምትነክርበት ጥልቀት የሌለው ሌላ ሳህን ቢኖር ደግሞ እሰየው።

በብርድ አገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቁር የጎማ ሳህን ሁለት ገዝቶ ጠዋትና ማታ እየለዋወጡ ማቅረብ ነው፤ በረዶ የሆነው ተገልብጦ በእግር ሲረገጥ በረዶው ይወጣል፣ ጎማው አይሰበርም። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው ግን ራሱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ዕቃ ገንዘብ የሚገባው ነው። ገመዱ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ይሁን፤ የአምፖል ማሞቂያ ግን በጭድና በሰጋቱራ ላይ ወድቆ ስንቱን የዶሮ ቤት አቃጥሏል። በረዶ እንዳይሆን ብሎ ውሃው ውስጥ ጨው መጨመር ዶሮ መግደል ነው። ሌሊት ዕቃው ከቤታቸው ይውጣ፤ በጨለማ አይጠጡም፣ ከውሃው የሚነሣው እርጥበት ግን በራሳቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ለውርጭ ያጋልጠዋል። ንጋት ላይ ግን ዘግይቶ መድረስ የለም።

ለጫጩት ዕቃው ጠባብ ከንፈር ያለውና ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ጠጠር ይጨመርበት፣ ጫጩት በሁለት ጣት ውሃ ሰጥማ ትሞታለችና። ከፖስታ ቤት በካርቶን የመጡ ከሆነም እያንዳንዷን ማንቁሯን አንዴ ነክሮ ውሃውን ማሳየት ተገቢ ነው።

በመጨረሻም አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው ዶሮ መግዣ የሚልኩ ብዙ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ፈንግልን የሚከላከለው፣ ቢሾፍቱ ውስጥ የሚመረተው ክትባት በመጠጥ ውሃም ይሰጣል፤ የውሃ ዕቃው ያኔ የሐኪም መርፌ ሆነ ማለት ነው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ፣ በረኪና የነካው ዕቃ ወይም ቆርቆሮ ይገድለዋል። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ሸክላ ይሁን፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ በጥላ ይቀመጥ። ዶሮዎቹ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ይከልከሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደርሱባቸው በቂ ዕቃዎች ይቅረቡላቸውና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም።