ጅራተ ማራገቢያዎቹና የኢሉባቦር ዘመዳቸው

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቡናው እስኪፈላ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ አብረን እንሂድ። በዚያ በኢሉባቦር አገር ዝናብ ቶሎ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል፤ መኪናው ያዩን አልፎ፣ ሁሩሙንም አልፎ፣ ጉም ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ ግራና ቀኙ ዋንዛና ሰሳ ነው፣ ከጥላቸው ሥር ቡና ነው፤ ከዚያም ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ሲወርድ ከቅጠሉ መሀል አንድ ቀላ ያለ ነገር ብልጭ ይላል። ወፍ ነው። ራሱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት፤ የወንዱ ጅራት ደግሞ ከገላው ይረዝማል። ሊቃውንቱ ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ ይሉታል፤ ነፍሳትን በአየር ላይ እየቀለበ ያድራል።

ጎጆውን ብታዩት ትደነቃላችሁ። በቀጭን ቅርንጫፍ መንታ ላይ ከሲኒ የማትበልጥ ነገር ይሠራል፤ ጭራሮውን በሸረሪት ድር ያስራል፤ ከዚያም ወንዱ ከሴቷ ጋር ተራ ገብቶ እንቁላል ይታቀፋል፤ ገላው ጎጆው ውስጥ፣ ያ ረጅም ጅራት ግን ውጭ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይመታዋል። አባትነትስ እንዲህ ነው ብል ማን ይከራከረኛል?

ታዲያ ይህ ወፍ በእኛ አገር የሌሉ ዘመዶች አሉት፤ ጅራተ ማራገቢያ ልበላቸው። ከፓኪስታንና ከህንድ ተነሥተው እስከ አውስትራሊያ፣ እስከ ኒውዚላንድና ሳሞአ ድረስ ተበትነዋል፤ ዝርያቸውም ከ40 ይበልጣል። ጅራታቸውን ዘርግተው ወዲያ ወዲህ ሲወዘውዙት ከቅጠል ሥር የተደበቀው ትንኝ ደንግጦ ይነሣል፣ እነሱም በአየር ላይ ይቀልቡታል። ይህን ያህል የበዙበት ምክንያት ባሕሩ ነው፤ አንዱ ደሴት ላይ የቀረው ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ዘመን ቆጠረ፣ ከዚያም መልኩም ዜማውም ተለየ። የኒውዚላንዶቹ ማኦሪዎች ስለ ጅራተ ማራገቢያ የሚያወሩት አለ፤ ማዊ የሚባለው ጀግና ሞትን ድል ሊነሣ በተኛችው የሞት እመቤት ገላ ውስጥ ሲገባ፣ ይህ ወፍ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አነቃት፤ ማዊም ሞተ፣ ሰውም ሁሉ ሟች ሆኖ ቀረ ይላሉ።

ከዚያ ሁሉ ዘመድ ግን አንዱ ጠፍቷል። በ1918 እ.ኤ.አ. ማካምቦ የምትባል መርከብ በሎርድ ሃው ደሴት ዳርቻ መሬት ነካች፤ ከእሷም አይጦች ወርደው ጎጆ ለጎጆ እንቁላልና ጫጩት በሉ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የደሴቱ ጅራተ ማራገቢያ አለቀ። መሄጃ አልነበረውማ!

የኛው ወፍ ባሕር አልከበበውም፤ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ስለሚኖር ነገ ይጠፋል አልልም። ግን ከመቱ ወደ ጎሬ አልፋችሁ ጉማሮ ብትደርሱ የሻይ እርሻው እስከ ጋራው ተነጥፎ ታያላችሁ፤ ለዓይን ያምራል፤ ጎጆ የሚንጠለጠልበት የዛፍ መንታ ግን ምን ያህል አለው? የጫካ ቡና ያለ ጥላ አይሆንም፤ ዋንዛውን የሚያቆመው ገበሬ ለቡናው ብሎ ለወፉም ያቆምለታል። የያዩ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ፣ መሀሉ እንዳይነካ፣ ዙሪያው ግን ሰው ቡና እየለቀመ እንዲኖርበት ሆኖ ተከለለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከጥብቅ ስፍራው ይልቅ የቡናው ዋጋ ያሳስበኛል፤ ዋጋው የወደቀ ዓመት ገበሬው መጀመሪያ የሚያነሣው መጥረቢያ ነውና።