ግንብ ያልተወው ተልእኮ፦ የካፋ ሚሲዮን ታሪክ

ስለ ሚሲዮን ቅርስ ሲነሣ የእስፓኝ ቅኝ ግዛቶች ይጠቀሳሉ። የፍራንሲስካን መነኰሳት ከ1769 እስከ 1823 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ 21 ሚሲዮኖችን አቋቋሙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛው ግድግዳ በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ በተወላጆች ጉልበት ተሠራ። ሚሲዮኖቹን የወታደር ምሽግ ይጠብቃቸው ነበር። የተጠመቀው ተወላጅ በፈቃዱ ለቆ መሄድ አይችልም፤ በሽታም ሕዝቡን ክፉኛ ቀነሰው።

የካፋው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ካፋ በጥልቅ የምሽግ ቦዮችና በጥብቅ በሮች የተከበበ መንግሥት ስለ ነበር፣ ያለ ታቶው፣ ማለትም ያለ ንጉሡ፣ ፈቃድ እንግዳ አይገባበትም። ከዚያው ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተሰብ የሆኑት ኢጣሊያዊው ካፑቺን ጉልየልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አጠራር አባ ማስያስ፣ በ1859 ካፋ ሲደርሱ ጦር አላስከተሉም። በዚያም ከቀደመው ዘመን የተረፈ፣ ካህን ያጣ ክርስትና አገኙ። የሚያስተምሩት በንጉሡ ፈቃድ ነበርና፣ ፈቃዱ ሲነሣ በ1861 ከአገር ተባረሩ።

በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ካፋን ያዘ፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ከጦሩ ጋር ካህናት ገብተው አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ። እንግዲህ መስቀልና ሠራዊት አብረው የተጓዙት በባሕር ማዶ ብቻ አልነበረም። ሮምም በ1913 የደቡብ ካፋን ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቁማ ለኮንሶላታ ሚሲዮናውያን አደራ ሰጠች።

መሐንዲስ ቅርስን በግድግዳ ውፍረት መመዘን ይቀናዋል። ይሁን እንጂ በእንጨትና በቀርከሃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ቤት፣ በዝናባማው የቦንጋ ምድር በየጊዜው ካልታደሰ ዕድሜው አጭር ነው። የአባ ማስያስ ትዝታ ከ1885 ጀምሮ በ12 ቅጾች ታትሞ ቀርቷል፤ እርሱ ግን የእንግዳው ቃል ነው። የአስተናጋጁ ሕዝብ ቃል ያለው በአረጋውያን አፍ፣ በበዓላቱና በቦዮቹ ፍርስራሽ ነው። ቦዮቹ እየተደፈኑ፣ አረጋውያኑም እያለፉ ይሄዳሉ።

በመሆኑም የቦዮቹን መሥመር መለካትና በካርታ ማስፈር፣ የጥንታውያኑን አብያተ ክርስቲያናት ሥፍራ መመዝገብ፣ የአረጋውያኑንም ቃል በጊዜው መጻፍ የሙያችን ድርሻ ነው። የካሊፎርኒያው ግድግዳ ቢፈርስ እንደገና ይገነባ ይሆናል፤ ሳይጻፍ የጠፋ ቃል ግን የሚጠገንበት ዘዴ የለም።