የጅብና የውሻ ጾታ ምርምር ለሰው ሕክምና ያበረከተው ትምህርት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ተራራ ዛሬም የጅብ መኖሪያ ነው። ስለዚህ አውሬ ጾታ ጥንትም ብዙ ተጽፏል። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ የሚታመነው ፊሳልጎስ ጅብን አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት የሚሆን ፍጡር አድርጎ ይገልጸዋል። አሪስቶትል ግን ይህን አባባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት አስተባብሎ ነበር። እርሱ ስለ ባለመስመሩ ጅብ ሲጽፍ፣ ሰዎችን ያሳሳታቸው ከጅራቱ ሥር የሚታየው ሴቴ ብልት መሳይ ምልክት መሆኑን አስረድቷል።

በእንጦጦ የሚገኘው የነጠብጣቡ ጅብ ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። የእንስቲቱ ቂንጥር እንደ ወንድ ብልት የረዘመ ሲሆን የምትሸናውም፣ ከወንዱ ጋር የምትገናኘውም፣ የምትወልደውም በእርሱ በኩል ነው። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያ ወሊድ ብዙ ግልገሎች ይሞታሉ። ሞሪሰን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1877 የእንስቲቱን የመራቢያ አካላት ገልጾ ጻፈ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ጅቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ምክንያት አመለከቱ፤ ከእናቲቱ የእንቁላል እጢ የሚመነጨው አንድሮስቴኔዲዮን በእንግዴ ልጁ ውስጥ ወደ ቴስቶስተሮን ይለወጣል። ይሁን እንጂ የወንድ ሆርሞንን የሚገታ መድኃኒት ለእርጉዞች ተሰጥቶም የግልገሎቹ ቂንጥር መርዘሙ ስላልቀረ፣ ሆርሞን ብቻውን ምሥጢሩን አልፈታውም።

ለጅብ ተፈጥሮ የሆነው መልክ በውሻ ላይ ሲታይ ግን የዕድገት መዛባት ምልክት ነው። ውሻ 78 ክሮሞሶሞች አሉት። በአሜሪካን ኮከር ስፓንየል ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወቀው ኤስአርዋይ የተባለው ወንድ ወሳኝ ዘረ መል ሳይኖር፣ ኤክስኤክስ ክሮሞሶም ያላቸው ቡችሎች የዘር ፍሬ ሊያበቅሉ ይችላሉ። በሚኒየቸር ሽናውዘር ዝርያ ደግሞ ወንዱ ማህፀን ይዞ ይወለዳል፤ ለዚህ ምክንያት የሆነው የዘረ መል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። ሆድ ውስጥ የቀረ የዘር ፍሬ ዕጢ ሊያወጣ፣ ማህፀኑም መግል ሊቋጥር ስለሚችል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ሁለቱንም በቀዶ ሕክምና ያስወግዳሉ። ጎልቶ የወጣ ቂንጥር በመፋተግ ሲቆስልም ይቆረጣል። ችግሩ በዘር ስለሚተላለፍ ወላጆቹን ማራባት አይመከርም።

ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። የመጀመሪያው፣ ውጫዊ መልክ ብቻውን ጾታን እንደማይወስን ነው። የዘር ፍሬው በሁለቱም በኩል የማይዳሰስ አራስ ወንድ ነው ተብሎ ወደ ቤት ቢላክ፣ በእርግጥ በትውልድ የአድሬናል እጢ ሕመም ያለባት ሴት ልትሆን ትችላለች። ከነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨው ከሰውነታቸው እያለቀ፣ በማስታወክና በፈሳሽ እጥረት ሕይወታቸው ለአደጋ ይጋለጣል። በወቅቱ የተሰጠ ፈሳሽና ሃይድሮኮርቲዞን ሕይወት ያድናል።

ሁለተኛው፣ ለውሻ የሚበጀው ለሰው እንዳለ የማይወሰድ መሆኑ ነው። የውሻው ባለቤት ስለ እንስሳው ይወስናል፤ ሕፃን ግን አድጎ ስለ ገላው የሚጠይቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት «ፍናፍንት» የሚለውን ዓይነት አጠራር ትቶ «የጾታ ዕድገት መዛባት» የሚለውን ስያሜ አቅርቧል፤ ሕክምናው በልዩ ልዩ ባለሙያዎች ጥምረት እንዲመራም መክሯል። እንግዲህ በማዋለጃ ክፍል ያለ ባለሙያ ድርሻው ጾታን ለመሰየም አለመቸኮል፣ ሕፃኑን በቅርብ መከታተል፣ ወላጆችን ያለ ኀፍረት ማስረዳትና ወደሚመለከተው ሆስፒታል ሳይዘገይ መላክ ነው።